ከእኔ የተደበቀው መስመር

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው። በዓይኑ ያየው ሰውም ዛሬ ድረስ ሐዋሳ ውስጥ ባጃጁን ይነዳል።

2008 ዓ.ም.፣ መጋቢት ወር። ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ባህል አዳራሽ አካባቢ ያለው የሰፈራችን እድር ቢሮ።

ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ደጅ ላይ ሰው ይንጫጫል። እንዲህ ያለ ነገር በጠራራ ፀሐይ ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሙሴ እባላለሁ። ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም። ሥራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው። እድራችን ደብተር ሰልችቶት ወደ ኮምፒውተር ልግባ ሲል ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ክፍያው የሚወራለት አልነበረም። ግን የሰፈሩ ልጅ ነኝ፣ እምቢ አይባልም።

ያለችኝ አንዲት እህት ናት። ስሟ ሳያት ነው። እኔ እታለም ነው የምላት።

እናትና አባታችን ሲሞቱ ገና ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። እሷ ናት ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ ፀጉሬን እየዳበሰች ያሳደገችኝ። ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስታጥብና ስትተኩስ ኖራ አስተማረችኝ። ሳታገባ ቀረች። በእኔ ምክንያት ነው። እሷ ግን አንድም ቀን ከአፏ አውጥታው አታውቅም። በዚህ ዓለም ላይ ከእሷ ሌላ የኔ የምለው ሰው አልነበረኝም።

በዚያ ዓመት ልቧ ታመመ። መጀመሪያ ደረጃ መውጣት አቃታት። ቀጥሎ ማውራት እንኳን አቃታት... ሁለት ሦስት ቃል ትልና ቆም ብላ ትንፋሽ ትሰበስባለች።

አዲስ አበባ ሆስፒታል ገባች። ከፋሲካ በኋላ ቀዶ ጥገና ተቀጠረላት። አብሬያት ሰነበትኩ፤ እሷ ግን "ሂድና ሥራህን ጨርስ" ብላ በግድ መለሰችኝ። የአጎታችን ልጅ ብሩክ አጠገቧ ቀረ።

አሁን ስለ ሥራዬ ትንሽ ላስረዳችሁ። እሱ ካልገባችሁ ፍርሃቴም አይገባችሁም።

እድሩ በደብተር ሲሠራ፣ እማማ አበበች የሚባሉ ጎረቤታችን መዋጮ ሊከፍሉ መጡ። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተገልጦ ነበር። ጎንደር ያለ ወንድማቸው ማረፉ ተጽፎበታል። መርዶው ግን ገና አልተነገራቸውም። ሰው ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ሊነገራቸው ነበር የታሰበው።

አነበቡት። እዚያው ወለሉ ላይ ወደቁ።

የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ ግዛቸው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ያን ቀን ከልባቸው አልወጣም። ኮምፒውተሩ ሲመጣ መጀመሪያ ያሉኝ ይህንን ነው።

"ሙሴ፣ መርዶ ያልተነገረው ሰው ከማሽን እንዳይረዳ። ደብቅልኝ።"

ደበቅኩላቸው።

የምጽፈው ጃንጎ በሚባል የፕሮግራም መሥሪያ ነው። መዝገቡ በሚታይበት በአድሚኑ ገጽ ላይ እያንዳንዱ ሰው ስሙ፣ ዕድሜው፣ ሰፈሩ ይወጣል። ከዚያ "ሁኔታ" የሚል መስመር አለ። ሰውየው ካለ "በሕይወት ያለ" ይላል። ካረፈ "ያረፈ" ይልና ያረፈበት ቀን ከሥሩ ይከተላል።

አንድ ሰው ገጹን ሲከፍት ፕሮግራሙ አስቀድሞ "የከፈተው ማነው?" ብሎ ያጣራል። የሟቹ ዘመድ ከሆነና መርዶው ገና ካልተነገረው... "ሁኔታ" የሚለው መስመር ከነቀኑ ከገጹ ይጠፋል። ሌላ ሰው ሁሉ ያየዋል። ዘመዱ ብቻ አያየውም።

ለማንም አላዳላሁም። የሠራሁት እኔ ብሆንም እኔም የእድሩ አባል ነኝ፤ ሕጉ በእኔም ላይ ይሠራል። በሥራዬ ኮርቼ ነበር።

እና ረቡዕ ምሽት...

ገና ጀንበር ሳትጠልቅ ሶፋዬ ላይ ጋደም ብዬ ከእታለም ጋር አወራን። እንደዚያ ካወራን ስንት ጊዜያችን!

"በላህ?"

"በላሁ።"

"ምን በላህ? አትዋሸኝ።"

"ፓስታ።"

"ፓስታ ደግሞ ምግብ ነው?"

ሳቀች። ረጅም ሳቅ። ናፍቆኝ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ስለ ሥራዬ ጠየቀችኝ። ስለምደብቀው መስመር ሁሉንም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"የሚደበቅበት ሰው አያሳዝንም?" አለችኝ። "ሁሉም አውቆ ያለቅሳል። እሱ ብቻ ይስቃል።"

"ለእሱ ታስቦ ነው እኮ እታለም።"

"ይሁን... እስቲ ነገ የእኔን ገጽ ክፈተው። እንዴት እንዳሳመርከው እየው።"

"እሺ።"

"ቃል ግባልኝ።"

"እሺ አልኩሽ እኮ!"

ከዚያ በኋላ ያለው ትዝ አይለኝም። እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ደህና እደር ስትለኝም አልሰማሁም።

ጠዋት ስነሳ ደስ ብሎኛል። ለምን እንደሆነ ያወቅኩት ፊቴን ስታጠብ ነው። ማታ ያን ሁሉ ስናወራ አንድም ጊዜ ቆም ብላ ትንፋሽ አልሰበሰበችም።

ተሽሏታል አልኩ። ተሽሏት ነው።

ከሰዓት በኋላ እድር ቢሮ ደረስኩ። ግቢው ውስጥ ድንኳኑን ዘርግተው አቧራውን እያራገፉ ነው። ወንበሮቹ ከመጋዘን ወጥተዋል። የእድሩን ዕቃ የሚጠብቁት እትዬ ደስታነሽ ትልልቆቹን ብረት ድስቶች እያጠቡ ነው።

ስገባ ወሬው ቀጥ አለ።

"እንዴት ዋላችሁ?" አልኩ።

ሁሉም በአንድ ላይ "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ። ከዚያ ሁሉም ወደ መሬት አዩ።

"እትዬ ደስታነሽ፣ ድንኳኑ ለምንድነው?"

"ለሠርግ።" ቀና ብለው አላዩኝም።

"በሁዳዴ?"

ድስቱን መፈተጋቸውን ቀጠሉ።

"በሁዳዴ ማን ያገባል እትዬ?"

"እ... የእኛ ቸርች ልጆች ናቸው። እኛ በጾም እናገባለን።"

እውነት ነው፣ ያገባሉ። ግን ዓይናቸው ቀልቷል። የአመድና የሳሙናው ነው ብዬ አለፍኩ።

ጋሽ ግዛቸው ቢሮው ውስጥ ነበሩ። ሲያዩኝ ከወንበራቸው ተነሡ። ጋሽ ግዛቸው ለእኔ ተነሥተው አያውቁም። እኔ ነኝ የምነሣላቸው።

"ምሳ በልተሃል?"

"በልቻለሁ።"

"ድገም። ደስታነሽ ቆጮ አላት።"

"ቆይ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልይ።"

ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። በራሴ ስም ገባሁ። ቃል ገብቼ የለ? እታለምን ፈለግኳት። ሳያት የሚለውን ስም ከፈትኩት።

ስም። ዕድሜ። ሰፈር።

አለቀ።

"ሁኔታ" የለም።

ፈገግ አልኩ መሰለኝ። ስህተት ነው፤ ፕሮግራም ሲባል ስህተት አያጣውም። ገጹን ዘግቼ እንደገና ከፈትኩት።

ስም። ዕድሜ። ሰፈር።

የሌላ ሰው ገጽ ከፈትኩ። "ሁኔታ" አለ። የሌላ። አለ። የራሴን ከፈትኩ። "በሕይወት ያለ" ይላል። የማውቃቸውን ሁሉ ከፈትኳቸው፤ ሁሉም አላቸው።

የእሷ ብቻ የለም።

መስመሩ የሚጠፋው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው። ሕጉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ግን ማታ አውርቻታለሁ! ይህን ሳስብ ልቤ ተመለሰ። ገና ትናንት አውርቻታለሁ፣ ስቃልኛለች፤ እንግዲህ ያበላሸው ሰው ነው።

"ጋሽ ግዛቸው።"

"አቤት ልጄ።"

ልጄ ብለውኝም አያውቁም።

"የእህቴን ገጽ ነክተውታል?"

ጠረጴዛው ላይ ያለውን እስክሪብቶ አነሡ።

"ማለቴ በስህተት... ምክንያቱም እሷ ደህና ናት። ትናንት ማታ አውርተናል።"

እስክሪብቷቸው ከእጃቸው ወደቀ።

"ትናንት?" አሉ፣ በሹክሹክታ።

"አዎ፣ ትናንት ማታ።"

"ረቡዕ?"

"ትናንት ረቡዕ አይደል እንዴ?"

ፊታቸው አመድ ሆነ። ሰው ሲደነግጥ አይቻለሁ። ሰው እኔን አይቶ ሲደነግጥ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ወደ በሩ የኋሊት ሄዱ። ጀርባቸውን አልሰጡኝም። ደጅ ላይ ከእትዬ ደስታነሽ ጋር ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

"አውርቻታለሁ ይላል..."

"መቼ?"

"ማታ..."

"ጌታ ሆይ!"

እትዬ ደስታነሽ በሩ ላይ ብቅ አሉ። እርጥብ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገዋል።

"ሙሴ..."

"አቤት።"

"ምን አለችህ?"

የማያውቁ ሰዎች እንዲህ አይጠይቁም። ደህና ናት ወይ ይላሉ፣ እንዴት ሆነች ይላሉ። እሳቸው ግን ምን አለችህ ነው ያሉኝ።

"ፓስታ ምግብ ነው ወይ አለችኝ" አልኳቸው።

አፋቸውን ሸፍነው ወጡ።

ብቻዬን ቀረሁ። ሕጉ ያለበትን ፋይል ከፈትኩ። ሁለት መስመር ነው። እነሱን ማጥፋት ደግሞ የአፍታ ሥራ ነው። ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆየ።

እግዜር ያሳያችሁ፣ የደበቅኩት ራሴ ነኝ፤ አሁን ደግሞ ከራሴ ልሰርቅ ነው።

ሁለቱን መስመሮች አጠፋኋቸው። ገጹን እንደገና ከፈትኩት።

ስም። ዕድሜ። ሰፈር።

ሁኔታ... ያረፈች።

ያረፈችበት ቀን... ማክሰኞ።

ረቡዕ አይደለም። ሐሙስ አይደለም። ማክሰኞ። መዝጋቢው ጋሽ ግዛቸው። ጋሽ ግዛቸው ደግሞ ቀን የሚሳሳቱ ሰው አይደሉም።

ስልኬን አወጣሁ። የተደወሉልኝን ጥሪዎች ዝርዝር ወደ ታች አወረድኩት። ከእታለም የመጣው የመጨረሻው ጥሪ የሰኞ ነው። ረቡዕ የሚባል የለም። እኔም አልደወልኩላትም።

እንደዚያ ተቀምጬ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። አላለቀስኩም። እንባ አልመጣም። ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተንዶ ድምፁ ብቻ ይሰማኛል።

ከዚያ ያደረግኩትን ለምን እንዳደረግኩት ዛሬም አላውቅም። ሁለቱን መስመሮች መለስኳቸው።

ገጹን ከፈትኩት። ስም፣ ዕድሜ፣ ሰፈር። "ሁኔታ" እንደገና ጠፋ።

ካልነገሩኝ አልሞተችም። እስከ ነገ ጎህ ድረስ እህት አለችኝ። እንዲህ ነበር ያሰብኩት፤ ሞኝነት ነው፣ አውቃለሁ።

እትዬ ደስታነሽ ቆጮ በጎመን ይዘው ገቡ። ባዶ ሆዴን መርዶ እንዳልሰማ ነው የተጨነቁት። እኒህ ሰዎች የእኔን ሐዘን ተሸክመው ከማክሰኞ ጀምሮ ሲደብቁኝ ሰንብተዋል። ድንኳኑም የእኔ ነበር።

"ኮምፒውተሩ ትንሽ ተበላሽቶ ነበር፣ ተስተካከለ" አልኳቸው።

"ተመስገን" አሉ። ዞር ብለው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

በላሁ። እያንዳንዱን ጉርሻ በውኃ አወረድኩት። እነሱ ደበቁኝ፣ እኔም ደበቅኳቸው።

ወደ ቤት ስመለስ ደበሌ በራፌ ላይ ቆሞ ነበር። ደበሌ አብሮ አደጌ ነው፤ ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ ነው፣ ባጃጅ ይነዳል።

"የቤቴ ቁልፍ ጠፋብኝ። እዚህ ልደር" አለ።

ቁልፉ ከኪሱ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል።

"እደር" አልኩት።

ሶፋው ላይ ተኛ ብለው እምቢ አለ። ወለል ላይ አንጥፎ ተኛ። ጀርባውን ለሶፋው ሰጠ... ከዚያ ተገላበጠና ፊቱን ሰጠው። እንቅልፍ የወሰደው አይመስለኝም። እኔም አልጋዬ ላይ ልብሴን እንደለበስኩ ጎህን ጠበቅኩ። አታውቁትም፣ እንዲመጣ የማትፈልጉትን ጎህ መጠበቅ።

መጡ።

መጀመሪያ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ብዙ ኮቴ፣ ቀስ ያለ። ከዚያ ጉሮሮ የሚጠርግ ሰው። በሩ ሲንኳኳ ደበሌ ተነሥቶ ከፈተ፤ ቀድሞ እያለቀሰ ነበር።

ጋሽ ግዛቸው ከፊት ናቸው። ከኋላቸው የእድሩ ሽማግሌዎች፣ የእትዬ ደስታነሽ ፓስተር፣ የሰፈሩ እናቶች። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

"ልጄ ሙሴ፣ ተቀመጥ" አሉ ጋሽ ግዛቸው።

ተቀመጥኩ።

"የሰው ልጅ መንገደኛ ነው... እህታችን ሳያት..."

"ጋሼ" አልኳቸው። "ይበቃዎታል። አውቄያለሁ።"

ጋሽ ግዛቸው ቀና ብለው አዩኝ።

"ማን ነገረህ?"

አፌን ከፈትኩ። ኮምፒውተሩ ልል ነበር። ግን ኮምፒውተሩን ክፈት ያለኝ ማነው? ቃል ያስገባኝስ?

"እሷ" አልኩ።

ያኔ እንባዬ መጣ። እንዴት እንደጮህኩ ከሰው ነው የሰማሁት። "እታለም" እያልኩ ግድግዳውን ስመታ አራት ሰው ነው የያዘኝ አሉ።

ሆስፒታሉ አስከሬኑን ቶሎ አልለቀቀም ነበርና ዓርብ ረፋድ ላይ ብሩክ ይዟት ገባ። ከሰዓት በኋላ ቀበርናት። ብሩክ መቃብሩ አጠገብ ጆሮዬ ላይ ሹክ አለኝ። ማክሰኞ ማታ ትንፋሽ እያጠራት "ሙሴ ብቻውን ነው" ትል ነበር። ሌላ ቃል አልወጣትም። ደጋግማ እሷኑ ብቻ፣ ሙሴ ብቻውን ነው፣ ሙሴ ብቻውን ነው... እስክታርፍ ድረስ።

እስከ ሰልስት ድረስ ደበሌ ከአጠገቤ አልጠፋም። ያበላኛል፣ ያስተኛኛል። ግን አንድም ቀን ሶፋው ላይ አልተቀመጠም። ለቀስተኛ ሞልቶ ወንበር ሲጠፋ እንኳን ቆሞ ይውላል።

የሰልስቱ ዕለት ሰው ሲበተን ያዝኩት።

"ደበሌ፣ ሶፋው ምን አደረገህ?"

"ምንም።"

"አንተም ልትደብቀኝ ነው?"

ወደ በሩ አየ። ከዚያ ወደ መሬት።

"ረቡዕ ጋሽ ግዛቸው ዓይንህን ከእሱ እንዳትነቅል ብለውኝ ነበር" አለ። ድምፁ አይሰማም ማለት ይቻላል። "ምሽት ላይ ስትስቅ ሰማሁህ። ማን ነግሮት አበደ ብዬ በመስኮት አየሁ።"

"እና?"

"ተኝተህ ታወራለህ። ስልክህ ጠረጴዛው ላይ ነው።"

"ድምጿን ሰማህ?"

"ያንተን ብቻ ነው የሰማሁት።"

"ብቻዬን ነበርኩ በለኛ!"

"ማንንም አላየሁም ሙሴ። በእናቴ አፈር፣ ማንንም አላየሁም..."

"እና ምንድነው የምትፈራው?"

ደበሌ ማልቀስ ጀመረ።

"ጭንቅላትህ" አለ። "ጭንቅላትህ ሶፋውን አልነካም ነበር። ትራስ የለም። ምንም የለም። ከሶፋው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ... ሰው ጭን ላይ እንደተኛ... አየር ላይ ተደግፎ ነበር። አንተ ዓይንህን ጨፍነሃል፣ ፈገግ ብለሃል።"

ወደ ሶፋው ዞርኩ።

"ፀጉርህ ደግሞ... መስኮቱ ዝግ ነው፣ ነፋስ አልነበረም... ፀጉርህ ቀስ እያለ ለሁለት ይከፈል ነበር። ከዚያ ይተኛል። ከዚያ እንደገና ይከፈላል።"